ለሰማይ ብቻ የተባለ ቃል

«አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ጥያቄው ለእኔ ብቻ የቀረበ አልነበረም። ሞጣ እንግሊዝኛ ያስተምረን የነበረው ህንዳዊ ሰሌዳው ላይ «ማይ ፋዘር» ብሎ ጻፈና ስምንተኛ ክፍልን በሙሉ አንድ አንድ ገጽ ጻፉ አለን። ሌሎቹ ደወል ሳይደወል ጨርሰው ወጡ። እኔ ይኸው ጸጉሬ ሸብቶም አልጨረስሁም።

ከክፍሉ ትልቋ እኔ ነበርሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው፤ ቢቸና አንደኛ ክፍል ስገባ አጠገቤ የተቀመጡት ልጆች የወተት ጥርሳቸው ገና እየወለቀ ነበር። እስከዚያ ድረስ የአባቴን ቤት ይዤ ቆይቻለሁ። አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ግቢያችን ዙሪያውን የተማሪ ጎጆ ነበር፤ እኔ ጓሮ ሆኜ እህል ሳበጥር ግእዙ ሳልጠራው በጆሮዬ ይገባል፤ ነይ ተማሪ ያለኝ ግን የለም። በኋላ የታላቅ እኅቴ ባል፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበረ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲዛወር «ልጅ ትይዝልናለች፤ እግረ መንገዷንም ትማራለች» ብለው ወሰዱኝ። አባቴ ሂጂም አትሂጂም አላለም።

ስለ አባቴ ምን እንደምጽፍ ዐውቅ ነበር። የቸገረኝ ቃሉ ነው።

ልጅ ሆኜ፣ እንስራ መሸከም በጀመርሁበት ዓመት፣ የእናቴ እናት መርጡለ ማርያም ታመመች ተብሎ ተላከብን። አባቴ «በዓሉ ይለፍና ትሄጃለሽ» አላት። እናቴ በዓሉን አልጠበቀችም። ሄደች፤ ክረምቱን በሙሉ እናቷን ስታስታምም ከርማ፣ ቀብራ፣ መስከረም ላይ ተመለሰች። አባቴ አላስገባትም። ሽማግሌ ገባ። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይንበረከካል፤ ያኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፤ ነገሩም ያልቃል። እናቴ ድንጋዩን ተሸክማ ደጃችን ላይ ተንበረከከች። ተማሪዎቹ ማጉረምረማቸውን አቆሙ። አባቴ ደፉ ላይ ቆሞ አያት። አልተቆጣም፤ አልሰደባትም፤ ፊቱንም አላዞረም። ዝም ብሎ ቆመ። «የኔታ፣ የተጠየቁት እኮ የእግዜርን ይቅርታ ነው!» አሉት አንዱ ሽማግሌ። ዝም። ጥላው ከደፉ ወርዶ እናቴ ጉልበት ድረስ ሲደርስ፣ እናቴ ድንጋዩን ራሷ አወረደችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በመጣችበት መንገድ ሄደች። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርሁ።

እንግዲህ ይህንን ሰው በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?

የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ «ስትሪክት» ብለው ጻፉ። «ማይ ፋዘር ኢዝ ስትሪክት በት ካይንድ።» ይህ ዓረፍተ ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን የተያዘ ነበር። ስትሪክት ማለት ጥብቅ፣ ተቆጪ ነው። አባቴ ግን ተቆጥቶኝ አያውቅም። መትቶኝም አያውቅም። ተማሪ ቅኔ ሲያበላሽበት እንኳ አይሰድብም፤ ቀጣዩን ይጠራል፣ ያ ተማሪ ለዚያ ቀን የለም። እናቴንም አልጠላትም፤ በየዓመቱ አዲስ ጤፍ ሲደርስ አንድ ጭነት ወደ መርጡለ ማርያም ይልክላት ነበር። ጨካኝም አይደለም፤ ጨካኝ ሰው በሌላው መከራ ይደሰታል። ቂመኛም አይደለም፤ ቂመኛ ጤፍ አይልክም። ከእሱ ምሕረት አይወጣም፣ ያ ብቻ ነው።

ድሬሰሩ ደጀን ሲሠራ ያከመው መንገደኛ የሰጠው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረው። እኅቴ ልጁን አስተኝታ ጎረቤት ስትሄድ እሱን ታቅፌ ተቀመጥሁ። እሳት ልትጭር ከጎረቤት ጎረቤት እንደምትዞር ሴት ዞርሁ። ምሕረት፣ «መርሲ»፣ የሚለውን ይዤ ገባሁ፤ እሱ ወደ «ክሌመንሲ» ላከኝ፤ «ክሌመንሲ» ወደ «ክሌመንት»፤ «ክሌመንት» ደግሞ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ «ኢንክሌመንት»። መጀመሪያ የተጻፈው ፍች «ወደ ምሕረት የማያዘነብል» የሚል ነበር። ከሥሩ ሁለተኛ ፍች አለ፦ ስለ አየር ሲነገር፣ ክፉ፣ ብርዳም፣ ዝናባም። ሁለተኛውን አንብቤ አለፍሁት። መጀመሪያውን ሳገኝ ልቤ ጸጥ አለ። ጥላቻ የለበትም፤ ቁጣ የለበትም። የምሕረት አለመምጣት ብቻ ነው። ይህ አባቴ ነው አልሁ።

«ምንድን ነው እንዲህ ያፈጠጥሽበት?» አለኝ ድሬሰሩ ከሥራ ሲገባ።

«ቃል አግኝቼ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ደግሞ ባል ያገኘሽ መስሎኝ!»

ስለ አንድ አመላችን መናገር አለብኝ፣ አለዚያ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። ቢቸናም ሞጣም ያደግን ልጆች፣ ግማሾቹ ወንዶች እንዲያውም ከቅኔ ቤት ወጥተው ዘመናዊ የገቡ ናቸው፣ ማንም ያልነካውን ቃል ያመጣ ሰው ጎበዝ ነው ብለን እናምን ነበር። ቅኔ ቤት እውነትም እንዲያ ነው። ያንኑ እንደያዝን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባን። ወንዶቹ ከመዝገበ ቃላት ከባድ ከባዱን እየለቀሙ ይሸመድዱና በየድርሰታቸው ይሰነቅራሉ። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ የአጎቱን በሬ «ኢለስትሪየስ» ብሎ ጽፎ ነበር፤ ያ ቃል ለታላላቅ ሹማምንትና ለሊቃውንት የሚባል ነው። ህንዳዊው የዚያን ዕለት ጠመኔውን መሬት ላይ ጥሎ «ሲምፕል! ሲምፕል ወርድስ!» እያለ ጮኸ። አልፈርድበትም። ግርማዊ በሬ የሚያነብ ሰው ምን ያድርግ።

ድርሰቴን ሲያነብ እንግዲህ ሌላ ኢለስትሪየስ በሬ የመጣበት መሰለው።

«ማይ ፋዘር ኢዝ ኢንክሌመንት» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ይህ ቃል ለዌዘር ነው፣ ለአየር ብቻ ነው፣ ኢንክሌመንት ዌዘር ይባላል፣ ኢንክሌመንት ሰው አይባልም ብሎ አስረዳን። እንዲገባንም ብሎ በዚያች በሚያውቃት አማርኛ «ያንቺ አባት ሐምሌ ነው?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ሰር! ቢቸና ዛሬ ዳመና ነው!» አለ የበሬው ልጅ።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። ሁሉም በዕድሜ ስለምበልጣቸው እትዬ ይሉኝ ነበር፤ አሁን እትዬነቴ ማላገጫ ሆነ። «እትዬ፣ አባትሽ ለጥየቃ ሲመጣ ገሳ እንልበስ?» «እትዬ፣ ተዪ ዝም በይ፣ በረዶ ታወርጅብናለሽ!» ገሳ በዝናብ የሚለበሰው የሣር ልብስ ነው። አንዷ ልጅ እኔ ባለፍሁ ቁጥር መዳፏን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጠብታ ትጠብቃለች። እኔ መልስ የሚመጣልኝ ሰው አይደለሁም። የሚመጣልኝ ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው።

በማግስቱ መዝገበ ቃላቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ መምህራን ክፍል ሄድሁ። ገጹን ገልጬ መጀመሪያውን ፍች ለህንዳዊው በጣቴ አሳየሁት። አነበበው። ሽፋን እንደሌለው አየ፤ ገለባበጠው፤ «ኦልድ» አለ። የራሱን አዲሱን መዝገበ ቃላት ከመሳቢያ አውጥቶ ገለጠልኝ። በዚያኛው ውስጥ የእኔ ፍች የለም። አየር ብቻ ነው ያለው። ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ የለም ይላል። መጽሐፍና መጽሐፍ ሲጣሉ ሳይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እኔ የታተመ ነገር ሁሉ የታረቀ ይመስለኝ ነበር።

«ቃል መጽሐፍ የሚለው አይደለም፤ ሰዎች የሚሉት ነው» አለኝ። «ሰው ላይ እንዲህ የሚል የለም።»

የትኞቹ ሰዎች? ለማለት ፈልጌ ነበር። ሞጣ ገበያ ወጥቼ ማንን ልጠይቅ? ደግሞም ልነግረው የፈለግሁት ሌላ ነበር። በእኛ አገር ዝናብ ሲጠፋ ሰው «ምሕረትህን አውርድልን» ብሎ ነው የሚጸልይ። የሰማይን ምሕረትና የሰውን ምሕረት የምንጠራው በአንድ ስም ነው። ሰማይ ዝናብ ሲከለክል ሰውን ጠልቶ አይደለም፤ አይቆጣም፤ አይሰድብም፤ ዝም ብሎ ይቆማል። አባቴም እንደዚያ ነው። ታዲያ ቃሉ ከዚያ እዚህ ለመሻገር ምን ይከለክለዋል? ይህ ሁሉ በአማርኛ ጉሮሮዬ ላይ ተደርድሮ ነበር። በእንግሊዝኛ የወጣልኝ ግን «ሰር፣ ስካይ ኢዝ ኖት አንግሪ» የሚል ብቻ ነው። ግራ ገብቶት አየኝ።

ቢሆንም ቅን ሰው ነበር። ድርሰትሽ ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ነው አለኝ። የመምህራን ማሠልጠኛ ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ እንደሚቀበል፣ እኔን ሊያቀርበኝ እንዳሰበ፣ ከምስክሩ ጋራ ይህንኑ ድርሰት አያይዞ እንደሚልክ ነገረኝ። «ያንን አንድ ቃል ስትሪክት ብለሽ ገልብጪና ነገ አምጪ።»

አንድ ቃል። የቀረው መንገድ ሁሉ ክፍት ነው። ማሠልጠኛ መግባት ማለት ለእኔ የሰው ልጅ ከማዘል መውጣት፣ በራሴ ደመወዝ መኖር፣ ሠላሳ ልጆች ፊት ቆሜ ጠመኔ መያዝ ማለት ነበር። ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

ድሬሰሩ ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «እና ምን ትጠብቂያለሽ? ስትሪክት በይና ተገላገዪ! ቃል ነው እንጂ ደም አይደለም።»

«ውሸት ነው፣ ጋሼ።»

«አባትሽ እንግሊዝኛ አያነብ! ማን ይከስሻል?»

እኅቴ ግን ምንም አላለችም። ለምን እንደማልጽፈው ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሞጣ ውስጥ አልነበረም፤ ለባሏም አልነገረችውም።

ገለበጥሁት። በጥሩ ወረቀት፣ በጥሩ ጽሕፈት ገለበጥሁት። «ማይ ፋዘር ኢዝ» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። የራሴን ቃል እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። የእሱን ቃል ብጽፍ፣ ያ በደጃችን የቆመው ሰው ልጁን በአርጩሜ ገርፎ ማታ የሚስም ተራ አባት ይሆናል። እናቴስ ታዲያ ለምን ሄደች? ቦታውን ባዶ ተውሁት። የአንድ ቃል ያህል ነጭ ትቼ ነጥቡን አደረግሁና ቀጠልሁ።

ህንዳዊው ነጩን ቦታ በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ጨርሺው።»

«አልቻልሁም፣ ሰር።»

«ኋይ?»

ዳይሬክተሩን ጠራ፤ ያስተረጉምለት ዘንድ ነው። ዳይሬክተሩ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «እኅቴ፣ ምክንያቱን ለእኔ በአማርኛ ንገሪኝ፤ እኔ አስረዳዋለሁ» አለኝ። ሌሎቹ መምህራን ሻያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። እዚያ መሀል እናቴን ከነድንጋዩ ላቁማት? አባቴን ከነዝምታው? ለእንግሊዝኛ ድርሰት ስል ደጃችንን ለመምህራን ክፍል ልክፈተው?

ዝም አልሁ።

«ምነው? አንድ ቃል እኮ ነው!»

ዝም አልሁ። ህንዳዊው ወረቀቱን መለሰልኝ። ግትር ሴት አስተማሪ አትሆንም አለ መሰለኝ፤ ዳይሬክተሩ አልተረጎመልኝም፤ እኔም ግማሹን ነው የሰማሁት።

የተላከው የበሬው ልጅ ነው። ስንሰነባበት ሳቅ እያለ፣ እንደማፈርም እያለ አጠገቤ መጣ። «እትዬ፣ አትቀየሚኝ። እኔ እኮ አባቴን አላውቀውም፤ በእናቴ ሆድ እያለሁ ነው የሞተ። ስትሪክት ይሁን ካይንድ ማን ያውቅለታል?» እንዲህ ብሎ ሄደ። ያላየውን አባት በሁለት ቃል ጽፎ ማሠልጠኛ ገባ። እኔ ያየሁትን አባት መጻፍ አቅቶኝ ሞጣ ቀረሁ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። በእሱ አይደለም። በማን እንደሆነ ባውቀውማ ይቀለኝ ነበር።

ወደ ቢቸና ተመለስሁ። አባቴ ለምን እንደቀረሁ አልጠየቀኝም። ለሰው ግን ስለ ህንዳዊው «ለሴት ልጅ ማዘን የማያውቅ ፈረንጅ ነው» ይል እንደነበር ሰማሁ፤ እኔ ፊት አላለውም። የበደሉኝ መስሎት ተቆርቁሮልኝ ነበር፤ ያስቀረኝ የእሱ ነገር መሆኑን አላወቀም። እኔም ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ለሚማሩ ትልልቅ ሰዎች ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ። ማሠልጠኛ የገባሁት በሌላ በር፣ በጣም ዘግይቼ ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ብተወው አይጎዳም።

እናቴን ለማየት መርጡለ ማርያም የሄድሁት ከዚያ በፊት፣ ገና ቢቸና ሳለሁ ነው። በጭነት መኪና እስከ ጉንደ ወይን፣ ከዚያ በእግር። እናቴ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች ትኖር ነበር። ስደርስ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ከእንጨቱ እየቀነጠሰች ነው። ስማኝ፣ አገላብጣ አይታኝ፣ ከስተሻል ብላኝ፣ አንድ እቅፍ ጌሾ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። አብረን ስንቀነጥስ ቆየን።

«እኔ ምለው» አለች፣ «ያ የአስተማሪ ትምህርት ቤት ምን ሆነ? ጎበዝ ናት ሲሉ ሰምቼ፣ ሄደች እያልሁ ስጠብቅ።»

ነገሩን ከነምክንያቱ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለምን በዚያ ሰዓት እንደወጣልኝ አላውቅም፤ ምናልባት እጄም ዓይኔም ጌሾው ላይ ስለነበር ነው። ሁሉንም ነገርኋት። ድርሰቱን፣ ሁለቱን መጽሐፍ፣ ባዶውን ቦታ።

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«የማይምር ሰው ብዬ።»

«ማንን የማይምር?»

«አንቺን ነዋ፣ እምዬ።»

እጇ ቆመ። ከዚያ ሳቀች፤ ከልቧ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እኔን! አንቺ ልጅ፣ ድንጋዩን ተሸክሜ ስንበረከክ ምን እያልሁ የነበረ ይመስልሻል?»

«ይማረኝ እያልሽ።»

«እመቤቴ፣ አፉን ያዥልኝ! ነው የምለው የነበረ። ስለት ተስያለሁ እኮ። ሽማግሎቹ ነዪ አሉ፣ ሄድሁ፤ ተሸከሚ አሉ፣ ተሸከምሁ። ይቅር ካለ አለቀልኝ። ሽማግሌ ያስታረቀውን ማን ያፈርሳል? እዚያ ደፍ ላይ ያን ዝምታ እየሰማሁ ማርጀቴ ነበር። ዝም ሲል፣ ዝም ሲል፣ እመቤቴ ሰማችኝ አልሁ። ለመቅደሷ ጥላ አግብቻለሁ፤ ሄደሽ እዪ።»

ጌሾው ከጭኔ ላይ ተበተነ። ያን ሁሉ ዘመን የእሷን በደል ተሸክሜ ኖሬ፣ በእሷ ምክንያት አንዲት ቃል አልለውጥም ብዬ፣ እሷ ስለት አግብታ ትስቃለች።

«እኔስ?» አልኋት። «እኔ እኮ ከበሩ ኋላ ነበርሁ።»

አሁን አልሳቀችም። «አንቺንማ ጠይቄያለሁ። እነዚያኑ ሽማግሎች መልሼ ልኬ፣ ልጄን ይስጠኝ ብያለሁ። ታላቋ አግብታለች፣ ታናሿን ይስጠኝ። የዚያን ጊዜ አፉን ከፈተ። "እሷ ከእኔ አትሄድም፣ ጤፉን እልካለሁ" አለ። ሌላ ቃል የለም። ጤፉ የማን ይመስልሽ ነበር? የአንቺ ነው፤ የአንቺ ምትክ።»

«አልነገራችሁኝም!»

«ማን ይንገርሽ? እሱ አይናገር፤ አንቺ አትጠይቂ።»

የማይምር ያልሁት ሰው ሊለቀኝ ያልፈለገ ሰው ነበር ማለት ነው? ወይስ ሁለቱም ነው? ሁለቱንም የሚይዝ ቃል በየትኛው መጽሐፍ አለ፣ ከእነሽፋኑም ሆነ ያለ ሽፋኑ? እናቴ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች። ብዙ ነገር ልላት ነበር። አንዱም አልወጣ አለኝ። ጎንበስ ብዬ የተበተነውን ጌሾ መልቀም ጀመርሁ።

«ይኸው!» አለች በጣቷ እየጠቆመችኝ፣ «ይኸው፣ ቁርጥ እሱ!»

ተናደድሁ። ተናድጄም ዝም አልሁ።